«ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ ቁጥር ፈጣሪ ሆንኩ»

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። ዕድሜዬ 28 ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በውሃ ምህንድስና፣ ሁለተኛውን በከተማ አካባቢ አያያዝ ሠርቻለሁ። አሁን ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዘላቂ የከተማ ሀብት አያያዝ ባለሙያ ተብዬ ተመድቤአለሁ። ሥራው ምን እንደሆነ ግን እኔም አለቃዬም በትክክል አናውቀውም። ውሃው የአንድ ክፍል ነው፣ ቆሻሻው የሌላ፣ አረንጓዴው ቦታ የሌላ። እኔ የሁሉንም ሪፖርት ሰብስቤ አንድ ላይ እጠርዛለሁ። ቁጥር ሲጎድል አለቃዬ 'ባለፈው ዓመት ላይ አሥር በመቶ ጨምሪበት' ይሉኛል፤ እጨምርበታለሁ። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት 'ስለ ቆሻሻ ነው የተማረችው' ብላ ትመልሳለች፤ ፊቷ ላይ የሚታየውን ሳይ ቡናው አይጠጣልኝም። በቅርቡ አዲስ አበባ ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት ከእጥፍ በላይ ደመወዝ በ2 ዓመት ኮንትራት አቅርቦልኛል። ለመሆኑ ይህ ሙያ የእውነት ሙያ ነው? ልሂድ ወይስ ልቆይ? ቁጥር ፈጣሪዋ፣ ከአዘዞ»

ልጄ፣ ሙያው የእውነት ሙያ ነው። የተመደብሽበት ወንበር ግን ሥራው ሳይዘጋጅለት የተፈጠረ ይመስላል፤ ይህ በአገራችን ብርቅ አይደለም። መዋቅር ሲጠና አዲስ መጠሪያ ይመጣል፣ መጠሪያው ሰው ይቀጠርለታል፣ ሥራውን ፈልጎ ማግኘት የተቀጣሪው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። አንቺ ዕዳውን በሪፖርት እየከፈልሽ ነው። እኔ የምመክርሽ በሌላ ነገር እንድትከፍይው ነው፦ በአንድ ራስሽ በለካሽው ቁጥር።

ሙያሽ የሚጠይቀውን ጥያቄ ታውቂዋለሽ። ወደ ከተማዋ ምን ያህል ገባ? ውስጥ ገብቶ ምን ሆነ? የወጣው የት ደረሰ? አሜሪካዊው የውሃ መሐንዲስ አቤል ዎልማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 አንድ ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርባት ምናባዊ ከተማ አስቦ ይህንን ሂሳብ ሠርቶት ነበር። በቀን የሚገባላት ውሃ 625,000 ቶን፣ ነዳጅ 9,500 ቶን፣ ምግብ 2,000 ቶን ሆኖ ወጣለት። ምግቡና ነዳጁ ተደምረው የውሃውን ሃምሳኛ እንኳ አይሞሉም። ከተማዋ በየቀኑ የምታወጣው ፍሳሽ ደግሞ 500,000 ቶን ነው። ሂሳቡ የአሜሪካ ነው፣ የእኛ ሰው ያን ያህል ውሃ አያገኝም። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፤ በሚዛን ካየነው ከተማ ማለት በዋነኛነት ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪሽ በዚሁ በመሆኑ ከየት እንደምትጀምሪ መጨነቅ የለብሽም።

ጎንደር ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የተሠራች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ሲቆረቁሯት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ነው ያስቀመጧት። ለቤተ መንግሥቱና በዙሪያው ለነበረው ሰው ወንዞቹ በቂ ነበሩ። ዛሬ አንገረብ ላይ ግድብ አለ፤ ግድቡ ምን እንደሚያሳምመውም የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፦ ደለል ነው። በላይኛው ተፋሰስ ዳገቱ ይታረሳል፣ ክረምቱ አፈሩን አጥቦ ያወርዳል፣ ግድቡ ውሃ መያዝ የሚገባውን ቦታ ጭቃ ይይዝበታል። የደፈረሰውን ውሃ ለማጥራት የሚጨመረው አሉሚኒየም ሰልፌት መጠኑ ከፍ ይላል፣ ወጪውም አብሮ ይወጣል። እንግዲህ ተመልከቺ፣ የአንድ ገበሬ ማሳ ዳገት ላይ እርከን መኖሩና አለመኖሩ ፒያሳ ያለች እናት በወር ከምትከፍለው የውሃ ሂሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ይህንን ማያያዝ የግብርናው ሰው ሥራ አይደለም፣ የኬሚካል ግዢውም ክፍል ሥራ አይደለም። ደመወዝ ተቆርጦልሽ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ።

በሌላው በኩል ቀሃ አለ። ለጥምቀት የፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሞላው ከእሱ በሚጠለፍ ውሃ ነው። ያው ወንዝ ከከተማው ሲወጣ ምን ተሸክሞ እንደሚወጣ ለማወቅ ድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። የጎንደር ወንዞች ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና ነው የሚሄዱት። በ2004 ዓ.ም. በይፋ የታወቀው እምቦጭ መጀመሪያ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ መገጭ ከሐይቁ የሚገባበት ዳር ነበር። አረሙ የሚሰባው በናይትሮጂንና በፎስፈረስ ነው፤ ከእርሻም ይመጣል፣ ከሽንት ቤትና ከሳሙና ፍሳሽም ይመጣል። እምቦጩን ለመንቀል ስንት ሰው በዘመቻ እንደወጣ አይተናል። ከዚህ ውስጥ የከተማው ድርሻ ስንት ነው ብሎ መለየት የማን ሥራ ይመስልሻል?

ይህን ሁሉ ሳነሳልሽ ሁሉንም በአንዴ ጀምሪ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የዚህ ሙያ ሰዎች የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው። ውሃ፣ ቆሻሻ፣ ኃይል፣ መሬት ብለው በአንድ ገጽ አራት ሳጥን ይሥላሉ፣ ሳጥኖቹን በቀስት ያገናኛሉ፣ ቀስቶቹ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ግን የላቸውም። አንቺ አንድ ቀስት ያዢ።

እኔ ብሆን አንድ የውሃ መስመር እመርጥ ነበር። ከአንድ ማጠራቀሚያ ጋን የሚወጣ፣ መነሻው ላይ የሚሠራ ቆጣሪ ያለው፣ ከሌላ መስመር ጋር ያልተቀላቀለ፣ ከሦስትና ከአራት መቶ የማይበልጥ ደንበኛ ያለው መስመር። ቆጣሪው ከሌለ መጀመሪያ የምትጠይቂው ቆጣሪ ይሆናል። ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ ወደ መስመሩ የገባውን ከደንበኞቹ ቆጣሪ ድምር ጋር ታስተያያለሽ። ልዩነቱ ገቢ የማያስገኝ ውሃ ይባላል፤ ከፊሉ ከቱቦ ያፈሰሰ፣ ከፊሉ በትክክል ያልተቆጠረ፣ የቀረው የተሰረቀ ወይም በነፃ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ለየብቻው ማውጣት ነው ጥበቡ።

እዚህ ላይ ከመማሪያ ክፍል ያመጣሽውን አንድ ነገር ልቀማሽ። በሌሊት ሰው ስለሚተኛ፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት በመስመሩ የሚያልፈው ውሃ በአብዛኛው ፍሳሽ፣ ማለትም ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚባክን ውሃ ነው ብለው አስተምረውሻል። ይህ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት በሚሄድበት ከተማ ልክ ነው። ፈረቃ ባለበት ከተማ ግን ሰው የሚቀዳው ውሃ በመጣበት ሰዓት ነው፤ ሌሊት ከመጣ ሌሊት ይቀዳል። ቧንቧውን ከፍቶ የተኛም አለ፣ ሮቶው እስኪሞላ የሚጠብቅም አለ። ስለዚህ የሌሊቱን ንባብ ፍሳሽ ብለሽ ከጻፍሽ የሰውን መጠጥ ፍሳሽ አደረግሽው ማለት ነው። በፈረቃ አገር የሚሻለው ቫልቮቹን እየዘጉ መስመሩን በየቁራጩ መፈተን ነው፤ ሁሉም ደንበኛ ከተዘጋ በኋላ ዋናው ቆጣሪ መዘወሩን ካላቆመ፣ ያኔ ፍሳሽ በይው።

ቆጣሪዎቹም ይዋሻሉ፣ በሁለት አቅጣጫ። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ከፊቱ የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፤ ደንበኛው «አየር ከፈልኩ» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። በሌላው በኩል ሮቶ ያለው ቤት ጋኑ ሊሞላ ሲቃረብ ተንሳፋፊው ቫልቭ ውሃውን በቀጭኑ ያስገባዋል፤ ያረጀ ቆጣሪ ይህን ቀጭን ፍሰት አይቆጥረውም። ሮቶ እየበዛ በሄደ ቁጥር የማይቆጠረውም ይበዛል። ይህንን የሚነግርሽ መጽሐፍ ከምትፈልጊ ቆጣሪ አንባቢዎቹን ቡና ጋብዢ። በየግቢው የሚገቡት እነሱ ናቸው፤ የትኛው ቆጣሪ እንደቆመ፣ የትኛው ቤት በሌላ ቱቦ እንደሚጠቀም፣ የትኛው ውሻ እንደሚነክስ ያውቃሉ። እስከዛሬ የጠየቃቸው ባለሙያ ከነበረ ይገርመኛል።

ለምን ይህን ያህል አለፋሻለሁ? አንድ ስሌት ሥሪና ተመልከቺ። በሰከንድ 1 ሊትር የምታፈስ አንዲት ስንጥቅ በቀን 86,400 ሊትር ታፈሳለች። በ20 ሊትር ጀሪካን 4,320 ጀሪካን ነው። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ያስቀመጠው ልክ በቀን በሰው 80 ሊትር ነበር። በዚያ ልክ ከሄድን አንዲቷ ስንጥቅ የ1,080 ሰው ድርሻ ወሰደች። አለቃሽ ፊት «የውሃ ብክነት ከፍተኛ መሆኑ ተስተውሏል» የሚል ዓረፍተ ነገርና «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቱቦ፣ የአንድ ሺህ ሰው ውሃ እየፈሰሰ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲቀርቡ የትኛው ስብሰባውን እንደሚያስቆም አንቺው ታውቂያለሽ።

መሣሪያ የለኝም እንዳትይኝ። ካርታ ለመሥራት ኪውጂአይኤስ፣ የቧንቧ መረብ ለማስላት ኢፓኔት፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ለማመዛዘን ስታን የሚባለው ሶፍትዌር፣ ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። ደግሞ አሁን በኮሪደር ልማቱ መንገድ እየተቆፈረ ነው። ቱቦ የሚታየው መሬት ሲከፈት ብቻ ነው፤ ሲሸፈን ለሌላ ብዙ ዓመት ይሰወራል። ስልክሽን ይዘሽ ውጪ፣ ቱቦው የት እንደሚያልፍ፣ ስፋቱን፣ ከምን እንደተሠራ፣ ጥልቀቱን መዝግቢ። ማንም አያዝሽም፣ ማንም አይከለክልሽም። ወደ አንገረብ ተፋሰስ መውጣቱን ግን አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ብቻሽን እንዳትሞክሪው፤ የሳተላይት ምስል ለጊዜው ይበቃሻል።

ቆሻሻውን በአጭሩ ላልፈው ነበር፣ እናትሽ ግን አላሳለፈችኝም። በከተሞቻችን ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ በሚዛን ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ሆኖም ሪፖርቶቻችን የሚቆጥሩት የመኪና ምልልስ ነው። ክረምት ላይ ያ መኪና የጫነው ግማሹ ዝናብ ነው። ራስሽ ልትለኪ ከፈለግሽ ጥቂት ቤቶችን ከሀብታሙም ከድሀውም መርጠሽ ስምንት ቀን ተከታትለሽ መዝኚ፤ የመጀመሪያውን ቀን ተዪው፣ የተጠራቀመ ስለሚወጣበት። አንድ ጊዜ በጾም፣ አንድ ጊዜ በፍስክ ካላደረግሽው ግን ቁጥርሽ የግማሽ ዓመት ቁጥር ነው። አመዱን፣ የጫት ገራባውን፣ ፌስታሉን ለየብቻ መዝኚ። ቆራሌው ሳይቀድምሽ ምን እንደወሰደም ጠይቂ፤ ሃይላንዱና ቆርቆሮው ገንዳ ሳይደርስ የሚያልቀው በእሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰብ ቆሻሻውን ለይቶ እንዲይዝ ይላል፤ እስካሁን ለይቶ የሚይዘው ግን በአብዛኛው ቆራሌው ነው። ኮምፖስት እንሥራ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ጥሩ ነው፤ ብቻ ገዢው ገበሬ ከመግዛቱ በፊት ጠርሙስ ስባሪ የሌለበት መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል፣ እሱም መብቱ ነው።

አሁን ወደ አሥር በመቶው። ይህ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። አንቺ ትንሽ ነገር አድርገሽ ጽፈሽዋል፤ እኔ ግን ትንሽ ሆኖ አልታየኝም። ባለፈው ዓመት አሥር የጨመረው ቁጥር የዘንድሮው መነሻ ነው፣ የዘንድሮውም የከርሞው። በሰባት ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ያኔ ሌላ መሐንዲስ ያንን እጥፍ አምኖ ጋን ይሠራል፣ መኪና ይገዛል። ደግሞም ቁጥሩ ገንዘብ አለበት። በዓለም ባንክ ድጋፍ 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና የመሠረተ ልማት ፕሮግራም ለከተማ የሚሰጠውን ገንዘብ ከዓመታዊ ምዘና ጋር አያይዞት ነበር። መዛኝ መጥቶ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ሲል የሚጠራው የአለቃሽን ስም አይደለም፣ ሰንጠረዡን የሠራችውን ነው።

ሆኖም ሄደሽ አለቃሽን «ውሸት አልጽፍም» አትበያቸው። እሳቸውም ከላይ የሚጠይቃቸው አለ፣ ባዶ ሳጥን መላክ አይችሉም። መውጫ ስጪያቸው። ከሰንጠረዡ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሪና በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ከሦስት ቃላት አንዱን ጻፊ፦ ተለካ፣ ተሰላ፣ ተገመተ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይህኛውን የገመትነው መሆኑን ከጻፍነው ማንም አይከሰንም፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ደግሞ አንዱን ወደ ተለካ እናሳድገዋለን» በያቸው። ብዙ አለቃ ይህን እንቢ አይልም፣ ምክንያቱም ዕድገት የሚታይበት ሰንጠረዥ ነው። እንቢ ካሉሽ፣ ቁጥሩን ማን እንዳዘዘሽና መቼ እንዳዘዘሽ በራስሽ ማስታወሻ ላይ ያዢ፤ ለክስ ሳይሆን አንቺም ከርሞ የትኛው እውነት እንደነበር እንዳይጠፋሽ። ሥራሽንም አትደብቂው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የመስመሩን ውጤት በሁለት ገጽ ጽፈሽ ለውሃውም ለቆሻሻውም ክፍል ኃላፊዎች ስጪ፣ የረዱሽን ቆጣሪ አንባቢዎች ስምም አስገቢበት።

ስለ እናትሽ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲሞት ቆሻሻን የተማረ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አገር አይቷል። ይህን ግን ለእናትሽ በቡና ሰዓት አትንገሪያት። «ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ የምታሰላ» ብላ እንድታስተዋውቅሽ ንገሪያት። አደጋው ጎረቤት ሁሉ ፈረቃው መቼ ነው እያለ በርሽ ላይ መሰለፉ ነው፤ እሱን ቻይው።

የቀረው አዲስ አበባ ነው። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ፣ ወይም ኪራዩ አላስተኛ ካለሽ፣ ሂጂ። «ገንዘብ ምንም አይደለም» የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቂ፤ የሚመክሩት ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያላቸው ናቸው። የተቸገርሽው በሥራው ባዶነት ብቻ ከሆነ ግን ቀስ በይ። አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ብዙ ሥራ ሌሎች ከተሞች የላኩትን ሪፖርት አጠናቅሮ አዲስ ሪፖርት ማድረግ ነው። ያንቺ አሥር በመቶ ከጎንደር ወጥቶ ጠረጴዛሽ ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ በሚያምር ሽፋን ታሳልፊዋለሽ። ወንበሩ የተሻለ ነው፣ ሕመሙ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂያቸው። ከወሩ ውስጥ ስንቱን ቀን ሜዳ ላይ ነኝ? የምንጠቀመውን መረጃ የምንለካው እኛ ነን ወይስ እንቀበላለን? ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የለካሁት መረጃ የማን ይሆናል? የመጀመሪያውን ሲጠየቁ ከተንተባተቡ ገምቺ። ሜዳ ያለው ሥራ ከሆነና ከጥናቱ ከተሞች አንዷ ጎንደር ከሆነች ደግሞ መቀመጫዬ እዚሁ ይሁን ብለሽ ተደራደሪ፤ የአካባቢውን መስመር የሚያውቅ ሰው ማግኘት ለእነሱም ርካሽ አይደለም። ቀጠሮ ካስቸኮሉሽ የአንድ ወር ጊዜ ጠይቂ፣ በዚያ ወር የመረጥሽውን መስመር አንብቢ። ያን ቁጥር ይዘሽ ከሄድሽ ደመወዙን ካቀረቡልሽም በላይ እንዲያደርጉት መጠየቅ ትችያለሽ።

መልሳቸውንና የሥራ ዝርዝሩን ላኪልኝ፣ የድርጅቱን ስም ሰርዘሽ። የመስመሩንም ንባብ አብረሽ ላኪው፤ ከዋናው ቆጣሪ ጋር ሲነጻጸር አልገጥም ካለሽ አብረን እናየዋለን፣ በተለይ አየሩ ላይ።